የአያቴ ጎራዴ እና የ700 ዓመቱ መጽሐፍ



በዚህ ዜና መጽሔት ላይ ስሜን የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ፣ ከቁጠባና ብድር ሪፖርቱ ሥር ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰይፍ ልጽፍ ነው። «የሂሳብ ሠራተኛንና ሰይፍን ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ነገሩ ዞሮ ወደ ማኅበራችን መዝገብ ይመጣል።

የተሸጠው ጎራዴ

የእናቴ አባት ከአባቱ የወረሰው ጎራዴ ነበረው። እኔ አላየሁትም። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲመታ፣ እዚህ ላስታም በቤት ያለው ንብረት ሁሉ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ጎራዴውም አብሮ ወጣ። አያቴ ከጎራዴው በፊት በሬዎቹን፣ ከበሬዎቹ በፊት ደግሞ የእምዬን የብር መስቀል ሸጦ ነበር። በጎራዴው ዋጋ የተገዛው እህል ቤተሰቡን ጥቂት ሳምንት አቆየው። እናቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች። ስለዚህ ጎራዴው ለምን ተሸጠ ብዬ አልቆጭም፤ እኔ ራሴ የዚያ እህል ፍሬ ነኝ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አያቴን፣ እኛ እምዬ የምንላትን፣ ጎራዴው እንዴት ይያዝ እንደነበር ጠየቅኳት። እንዳይዝግ ቅቤ የምትቀባው እሷ ስለነበረች ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች።

«በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው» አለችኝ። «ሲቀመጥ አፎቱ ከኋላው እንደ ጅራት ቀጥ ይላል። ልጆቹን ዓይናችሁን ጠብቁ እያልኩ እቆጣ ነበር።»

«ሲመታበትስ? ጋሻውንስ እንዴት ነበር የሚይዘው?»

«እሱን ወንዶቹ ናቸው የሚያውቁት ልጄ። አባቱ ለእሱ አሳይቶታል። እሱ ለማን ያሳይ? ጊዜው የጠመንጃ ሆነ።»

በቤታችን ስለዚያ ጎራዴ የቀረው እውቀት ይኸው ነው። ብረቱን ብንሸጠውም እህል ሆኖልናል። አያያዙ ግን ለማንም ምንም ሳይሆን ጠፋ።

ከመጽሐፍ ሰይፍ የምትማር ሴት

ይህን ነገር እንደገና ያስታወሰችኝ አንዲት እንግዳ ናት። ወረርሽኙና ጦርነቱ ካለፉ በኋላ ከተማችን ላሊበላ እንግዳዋን በጣት እየቆጠረች በምትቀበልበት ጊዜ፣ ሂሳቡን በምሠራለት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ከአውሮፓ የመጣች መምህርት አርፋ ነበር። ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አይቼ ወድቃ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳቀች። በሳምንት ሁለት ቀን ሰይፍ እንደምትማርና ከመምጣቷ በፊት ጓደኛዋ እንደመታቻት ነገረችኝ። ከማን እንደምትማር ስጠይቃት «ከ700 ዓመት በፊት ከተጻፈ መጽሐፍ» አለችኝና ሥዕሎቹን በስልኳ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት በሠራ ቁጥር ስለዚሁ ጉዳይ ሳነብ ቆየሁ።

መጽሐፉ ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ፣ በንጉሣዊው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ነው። የተጻፈው በጀርመን ምድር፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ንጉሥ ላሊበላ ካረፉ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት የአውሮፓ የሰይፍ ትምህርት መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። የብራና ቅጠሎቹ 32 ናቸው። ጽሑፉ በላቲን ሲሆን፣ እኛ የቤተ ክህነት ነገር በግእዝ እንደምንጽፈው ማለት ነው፣ በመሐል የጀርመንኛ የሙያ ቃላት አሉበት።

የሚያስተምረው በአንድ እጅ ሰይፍ፣ በሌላው እጅ ደግሞ የድስት ክዳን የምታህል ክብ ጋሻ ይዞ መጋጠምን ነው። አስተማሪው ማን ይመስላችኋል? ቄስ ነው። በእኛ አገር ካህን ደም ማፍሰስ አይገባውምና ነገሩ ገርሞኛል። ቄሱ በአንድ ወገን፣ ተማሪው በሌላው ወገን ሆነው ከገጽ ገጽ ይጋጠማሉ፤ ሥዕሉን ተከትሎም ምን እየተደረገ እንደሆነ ይጻፋል።

ትምህርቱ በቁጥር የተደራጀ መሆኑ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ልቤን ነካው። ሰይፍ የያዘ ሰው ከመምታቱ በፊት የሚቆምባቸው ቦታዎች ሰባት ናቸው ይላል። አንደኛው ሰይፉን በብብት ሥር አድርጎ መቆም ነው። ሁለተኛው በቀኝ ትከሻ፣ ሦስተኛው በግራ ትከሻ፣ አራተኛው ከራስ በላይ፣ አምስተኛው በቀኝ ጎን፣ ስድስተኛው በደረት ላይ ነው። ሰባተኛው ጫፉን አርቆ ወደፊት መዘርጋት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አቋቋም ባላጋራ በምን እንደሚመልስ፣ ለዚያ ምላሽ ደግሞ ምን እንደሚደረግ በተራ ይዘረዝራል። ሰይፍ ከሰይፍ ተገናኝቶ ሲቆላለፍ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ትንሿ ጋሻ የሰይፉን እጅ እንድትጠብቅና የባላጋራን ሁለት እጆች ገፍታ እንድታስር ያሳያል። ልምድ የሌላቸው ተራ ሰይፈኞች የሚሠሩትን ስህተትም ሳይደብቅ ይጽፋል።

አሁን ወደሚያስደንቀው ልምጣ። በመጽሐፉ መጨረሻ ገጾች ላይ ወንዱ ተማሪ ይቀርና በእሱ ቦታ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ሰይፍና ጋሻ ይዛ፣ ከቄሱ ጋር ትጋጠማለች። ስሟ ከሥዕሏ ጋር ተጽፏል፦ ዋልፑርጊስ። የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንዳደገች፣ ለምን ሰይፍ እንደተማረች መጽሐፉ አይነግረንም። ግን ሰይፍ በእጇ እንደያዘች፣ ከስሟ ጋር፣ 700 ዓመት ተሻግራ እኛ ዘንድ ደርሳለች። እሷን ያሻገራት አንድ ጸሐፊና አንድ ሰዓሊ ጊዜ ወስደው ማስፈራቸው ብቻ ነው።

እውቀት ጠፍቶ ሲገኝ

ያ መጽሐፍ ለዘመናት ከተደራሽ ርቆ ኖሯል። በጀርመን ጎታ በተባለች ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ ቆይቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የገባበት ጠፋ። በ1950 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለጨረታ ብቅ ሲል ነው የአሁኑ ባለቤቱ የገዛው። አፍሮ አይገባ መስቀላችን በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ እስኪመለስ ድረስ የተጨነቅን የላሊበላ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር ለመረዳት አይከብደንም።

እሱ ብቻም አይደለም። ዮሐንስ ሌክዩክነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ቄስ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ከ400 በላይ ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ አዘጋጅቷል። እሱ የሚያስተምርበት መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ስለቱ በአንድ ወገን የሆነ ነው፤ ስናየው የእኛን ጎራዴ ያስታውሰናል። በጣሊያንም የቦሎኛው መምህር አኪሌ ማሮዞ በ1536 እ.ኤ.አ. የሰይፍ ትምህርት መጽሐፍ አሳትሟል።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ ጠመንጃ ሲመጣ ጥንታዊውን የሰይፍ ጥበብ ረስተውት ነበር። ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣ ትምህርት አልቀረላቸውም። በተለይ ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ ግን በየአገሩ ሰዎች ተሰባስበው ከእነዚህ መጻሕፍት እንደገና እየተማሩት ነው። አሠራራቸውም እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን ይተረጉማሉ። ቀጥሎ ሁለት ሆነው ሥዕሉን እያዩ በዝግታ ይሞክሩታል። ከዚያ የፊት መከላከያ አድርገው፣ ስለት በሌለው ሰይፍ፣ በፍጥነት ይጋጠማሉ። አልሠራ ካለ ጥፋቱ የእነሱ ነው ወይስ የትርጉሙ ብለው ወደ መጽሐፉ ይመለሳሉ። የድሮዎቹ ሥዕሎች የእግሩን እርምጃ አጥርተው ስለማያሳዩ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነገር አለ። ያም ሆኖ ክርክር የሚነሣው የሚከራከሩበት ጽሑፍ ስላለ ነው። እንግዳችን ክንዷ ላይ የበለዘው፣ በአጭሩ፣ የዚያ ጽሑፍ ውጤት ነው።

የእኛ ሰይፍ፣ የእኛ ዝምታ

እኛስ? የሰይፍ ድሃ አልነበርንም። ጎራዴ አለን፤ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። ሾተል አለን፤ እንደ ማጭድ የተቆለመመ፣ በባላጋራ ጋሻ ዙሪያ ዞሮ ለመድረስ የሚያመች። ከጎሽና ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ ክብ ጋሻ አለን። በየቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የተሣለው ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዞ ቆሟል። አድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ጠመንጃ በበዛበት ጦርነት እንኳ ጦርና ጎራዴ ሥራ ላይ ውለዋል፤ የዋግና የላስታ ሰውም በዋግሹም ጓንጉል ሥር ሆኖ ዘምቷል።

የሚገርመው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አገራችን ውስጥ ከነበሩት ጎራዴዎች የብዙዎቹ ስለት የተሠራው አውሮፓ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ሶሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ነው። ለእኛ ገበያ ብለው የአንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሑፍ ይቀርጹበት ነበር። እጀታውና አፎቱ ደግሞ በአገር ቤት እጅ ይበጃል፤ ለእጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ ለአፎቱ ቆዳ። ምናልባት የአያቴ ጎራዴ ስለት የመጣው የዋልፑርጊስ መጽሐፍ ከተጻፈበት ምድር ይሆናል። ስለቱ እዚህ መጣ፤ የአያያዙ መጽሐፍ እዚያው ቀረ። የእኛን አያያዝ ደግሞ ማንም አልጻፈውም።

ጽሑፍ ስላልነበረን አይደለም። የጀርመኑ ቄስ ተማሪውን በሚያስተምርበት ዘመን አካባቢ፣ እዚህ አገር የአፄ ዓምደ ጽዮን የጦርነት ታሪክ በግእዝ ተጽፏል። ንጉሡ ራሳቸው በውጊያው መሐል ገብተው እንደተዋጉ በሰፊው ይተርካል። ማን እንዳሸነፈ እናውቃለን። የንጉሡ እጅ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ግን አናውቅም።

አንድን የእጅ ወይም የአፍ ሙያ በምልክት ማስቀመጥ ያልቻልን ሕዝብ ነንም ማለት አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተመልከቱ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አገር በጦርነት ከታመሰች በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ዛሬ ደብተራው የሚያየው ከፊደሉ በላይ ያለው ትንሽ ምልክት ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል ይነግረዋል። መምህሩ በቃል ያስተምራል፣ ምልክቱ ደግሞ ያስታውሳል። ሁለቱ ተደጋግፈው ዜማውን እስከ እኛ አድርሰውታል።

ታዲያ ዜማ ሲጻፍ የእጅ ሙያ ለምን ሳይጻፍ ቀረ? እንደ እኔ ሐሳብ አንዱ ምክንያት ንቀት ነው። ጎራዴውን የታጠቀው ሲፎከርለት፣ ብረቱን የቀጠቀጠው «ቡዳ» እየተባለ ይሸሽ ነበር። በብዙ ቦታ የቀጥቃጩ ሚስት ሸክላ ሠሪ ናት፤ እሷም የስድቡ ተካፋይ ነበረች። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። የተናቀ ሰው ሙያውን የሚጽፍለት አያገኝም።

የሴቶች ሙያ ደግሞ ባይናቅ እንኳ «ይታወቃል» ተብሎ ይታለፋል። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው አድዋ መዝመታቸው ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ያን ሁሉ ሠራዊት ወራት ያቆየውን ስንቅ፣ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ሳይበላሽ እንዲቆይ አድርገው ያዘጋጁት ሴቶች ግን ሥራቸውን የት እናገኘዋለን? ያለ ጎራዴ እንደማይዘመት ሁሉ ያለ ስንቅም አይዘመትም። የሁለቱም አያያዝ በቃል ቀረ።

ሂሳቡ አለ፣ ሙያው የለም

ከመጀመሪያዎቹ የማኅበራችን አባላት አንዷ የነበሩት እናታችን አምና አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ስማቸውን ሳልጠራ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የብዙዎቻችን ምጣድና ጀበና ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው። ከቀብራቸው በኋላ ሂሳባቸውን ለልጆቻቸው ለማስረከብ መዝገቡን ገለጥኩ። ሁሉም ነገር አለ። የመጀመሪያ ቁጠባቸው፣ የወሰዱት ብድር፣ የከፈሉበት ቀን፣ የመጨረሻዋ 50 ብር። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። በሥራዬ ኮራሁ።

ከዚያ ልጃቸው እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እናቴ አፈሩን ከየት ታመጣ እንደነበር እዚያ ላይ ተጽፏል እንዴ?»

አልተጻፈም። አፈሩ ከየትኛው ቦታ እንደሚቆፈር፣ ከተፈጨ ገል ጋር ስንት በስንት እንደሚደባለቅ፣ ለስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚተኮስ፣ በጣት ሲመታ የትኛው ድምፅ ደህና የትኛው ስንጥቅ እንደሆነ፣ አንድም መስመር የለም። ብራቸውን ቆጥሬ አስቀመጥኩ፤ ብሩን ያመጣውን እውቀት ግን አብሬያቸው ቀበርኩት። የእምዬ መልስ ትዝ አለኝ፦ «ለማን ያሳይ?»

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ከአንዲት ሌላ ሸክላ ሠሪ አባላችን ጋር ሙከራ ጀመርኩ። እሳቸው ምጣድ ሲሠሩ እኔ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። እንደ ጀርመኑ ቄስ ሥራውን በቁጥር ከፈልኩት። አራት ገጽ ወጣው። ከዚያ ሸክላ ነክታ የማታውቅ ታናሽ እህቴ ጽሑፉን ብቻ እያነበበች ምጣድ እንድትሠራ አደረግኩ። ምጣዱ ገና ሳይተኮስ ተሰነጠቀ።

ይዤው ሄድኩ። እናታችን አዩትና «ፀሐይ ላይ አድርቃው ነው» አሉ።

«ይድረቅ ነው የተጻፈው እኮ።»

«በጥላ ነዋ! ይህም ይጻፋል እንዴ?»

አዎ፣ ይህም ይጻፋል። ባለሙያ ከልምዷ ብዛት የተነሣ «ይታወቃል» ብላ የምትተወው ነገር ሁሉ መጻፍ አለበት፤ የሚጠፋው እሱ ነውና። «በጥላ» የሚለውን ቃል ጨመርን። ሁለተኛው ምጣድ ሳይሰነጠቅ ደረቀ፣ ተተኮሰ፣ በጎመን ዘር ተሟሸ። ባለፈው እሑድ እንጀራ ጋገርንበት። ጠርዙ ትንሽ ጠማማ ነው፤ እንጀራው ግን ዓይን አውጥቷል።

የምጠይቃችሁ

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ከቁጠባ ደብተሩ ጎን አንድ ሌላ መዝገብ እንድንከፍት ሐሳብ አቀርባለሁ። ስሙን «የሙያ መዝገብ» ብንለው ደስ ይለኛል። ከአሮጌው መጽሐፍና ከተሰነጠቀው ምጣድ የተማርኳቸው አራት ነገሮች ቢመሩን ይበቃል።

1. ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ቁጥር ይጻፍ።
2. የሚሠራው ትክክል ብቻ ሳይሆን ጀማሪ የምትሳሳተውም ይጻፍ።
3. ሥራውን የማታውቅ ሴት ጽሑፉን ይዛ ትሞክረው፤ የጎደለው ተለይቶ ይታረም።
4. ያሳየችው ሴት ስም ከነአባቷ ስም ከገጹ ራስ ላይ ይስፈር።

መጻፍ የማትችል እናት ትናገር፣ ትምህርት ላይ ያለች ልጇ ትጻፍላት። ጥጥ መፍተል፣ ሰፌድ መስፋት፣ የአክርማ ቀለም መንከር፣ ጠላ መጥመቅ፣ ለረጅም መንገድ ስንቅ ማዘጋጀት፣ ሁሉም ቦታ አለው። ሙያዋ መተዳደሪያዋ የሆነ እናት ገጿን ለማን እንደምታሳይ የምትወስነው እሷው ናት፤ መዝገቡ ከገንዘብ ሳጥኑ ጋር በሦስት ቁልፍ ይቆለፋል።

የማኅበራችን ደጋፊዎችም ይህን ታነባላችሁና አንድ ቃል ልበል። በየዓመቱ ስንት ሴት ስንት ብር እንደቆጠበች እነግራችኋለሁ፤ አሁንም እነግራችኋለሁ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግን በሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፦ ስንት ሙያ ተጻፈ የሚል።

መዝገቡን በገዛ ገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ምጣድ አይደለም። እምዬ ስለ ጎራዴው የነገረችኝ ነው፦ በቀኝ ጎን እንደሚታጠቅ፣ ሲቀመጡ አፎቱ ከኋላ እንደሚቆም፣ እንዳይዝግ ቅቤ እንደሚቀባ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። ከላዩ ስሟን ጽፌበታለሁ።

በሰላም ያገናኘን።